ለአንዲት ዲ ሦስት ዋስ

ዲፕሎማዬ እናቴ ቤት፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ዝቅ ያለው በእናቴ ትእዛዝ ነው፤ «ከሰማዕቱ እኩል ምን ሲሆን!» ብላ። መስታወቱን የገጠመልኝ ለጎብኚ የእንጨት መስቀል እየቀረጸ የሚሸጠው ጎረቤታችን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ወደ ግድግዳው ትልካለች፤ እንግዳውም ግድ ሆኖበት አብሮ ያያል፤ ቀና ብሎ «እግዜር ይጨምርለት» ይላል።

እንግዳው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከዲፕሎማው ጀርባ፣ በወረቀቱና በካርቶኑ መካከል፣ አራት ላይ የታጠፈ ሌላ ወረቀት ተደብቋል። የውጤት መግለጫዬ ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሀብቱን ይደብቃል፤ እኔ ድህነቴን ደበቅኩ።

ሁለት ዓመት የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ተምሬ ያመጣሁት ጠቅላላ ውጤት ሁለት ነጥብ ዜሮ ሦስት ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ሁለት ነው። ዜሮ ሦስቷን ሌላ ሰው እንደ ቁጥር ያያት ይሆናል። እኔ ግን ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው የጨበጣትን ሣር በሚያይበት ዓይን ነው የማያት። ሣሯ አጭር ናት ብሎ የሚለቅ ሰው አላየሁም።

ከተመረቅኩ በኋላ እዚሁ ላሊበላ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ለዝምተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። መዝገብ ሲወጣ አይጮህም፤ ሲገባ አይሰናበትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ መደርደሪያው ላይ የነበረውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከነሥነ ሥርዓቱ ማንበብ ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አንድ ቅጠል ጎድሎት ስለነበር እዚያች ቅጠል ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሙጃ ሁለት ቀን በእግሯ የተጓዘች ባልቴት መጣች። ቀጠሮዋ ያለፈው ትናንት ነው። ወንዝ ሞልቶባት ነው። መዝገቡ ተዘግቷል ሲሏት መስኮቴ ሥር ቁጭ ብላ ጫማዋን አውልቃ አራገፈች። የተዘጋ መዝገብ እንዲከፈት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ በስንተኛው ቁጥር እንደሆነም አውቃለሁ። ግን እኔ የመዝገብ ሠራተኛ እንጂ ጠበቃ አይደለሁምና ዝም አልኩ። ጫማዋን አድርጋ ሄደች። በዚያን ቀን ዝምታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላኝ።

እንግዲህ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ማመልከቻ የጠየቅኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጹ በአውሮፕላን ፖስታ መጣ። አራት ገጽ ነው። ሁለቱን ገጽ በደስታ ሞላሁት፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናት ስም፣ ሁሉንም አውቀው ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው «ካስተማሩዎት መምህራን የአንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ይያያዝ» ይላል። ሁለተኛው «ውጤትዎ ዝቅተኛ ከሆነ ምክንያቱን ይግለጹ» ይልና አራት ባለነጠብጣብ መስመር ይተዋል።

ከሁለተኛው ጀመርኩ። በተለየ ወረቀት ላይ «ታምሜ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አልታመምኩም፤ ሰረዝኩት። «ችግረኛ ስለነበርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ የባሰ ችግረኛ፣ በአንድ ሱሪ ሁለት ዓመት የጨረሰ ልጅ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ኤ በኤ ሆኖ ነው የወጣው። ሰረዝኩት። «መብራት ይጠፋ ስለነበር» አልኩ። መብራት የሚጠፋው ለሁሉም ነው። ወረቀቱ በስርዝ አለቀ።

የድጋፍ ደብዳቤውም ነገር አልተሻለም። ካስተማሩኝ መካከል አንዱ ባሕር ማዶ ሄደዋል፣ አንዱ አሥመራ ተዛውረዋል፣ የቀሩትም የት እንዳሉ አይታወቅም። በቅርብ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። መምህር ጌታነህ ይባላሉ፤ ጤና አጥተው፣ የአገር አየር ይሻልዎታል ተብለው፣ ኮን የምትባል ከተማ ገብተው ርዕሰ መምህር ሆነዋል። ያስተማሩኝ ስታቲስቲክስ ነው። የሰጡኝ ዲ ነው።

ይህን እያብሰለሰልኩ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከቅጹ ጋር የሚያያዘውን የውጤት ወረቀት ላወጣ ዲፕሎማውን ከግድግዳው አውርጄ መደቡ ላይ በግንባሩ ደፋሁት። ልክ በዚያች ደቂቃ አያ ፈንታው ከገበያ ገቡ።

አያ ፈንታው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከተማሩ ወዲህ የጨው ጆንያ ሳይቀር ያነባሉ። የተደፋውን መስታወት ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምነው? ተሻረ እንዴ?»

ዲፕሎማ እንደ ሹመት የሚሻር መስሏቸው ነው። አልፈረድኩባቸውም፤ በዚያ ዘመን ያልተሻረ ነገር ጥቂት ነበር።

«ኧረ አልተሻረም አያ። ወረቀት ላወጣ ነው።»

«የምን ወረቀት?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። በዝርዝር መጠየቅ የሚወድ ሰው ካለ አያ ፈንታው ናቸው። በዝርዝር መመለስ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለታችን በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘት አልነበረብንም።

«ይቺ እንደ ድንኳን የቆመችውስ?»

«ኤ ትባላለች። ምርጥ ማለት ናት።»

«ስንት አለህ?»

«አንድ። በጽሕፈት።»

«ይቺ እንደ ጎደለች ጨረቃ ያለችው? ይቺማ ሞልታለች።»

«ሲ ናት። ደኅና ማለት ናት።»

«ይቺስ ሆዷ የተነፋው?»

«እሷ ዲ ናት።» ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ወድቀሃልም የማትል፣ አልፈሃልም የማትል ናት።»

«ማን ሰጠህ?»

«የስታቲስቲክስ መምህሩ።»

«ለሌሎቹ ልጆችስ ምን ሰጠ?»

«ኤም፣ ቢም፣ ሲም ሰጥተዋል።»

«ላንተ ብቻ ዲ?»

«ለአራት ሰው ነው አያ።»

አያ ፈንታው ወረቀቱን አስቀምጠው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ምን በደልከው?»

እዚህ ላይ አንባቢ የአያ ፈንታውን ሕግ ሊያውቅ ይገባል። አንድ ሰው ለሌላው ቁናውን ሞልቶ ሰፍሮ ላንተ ካጎደለ፣ በመካከላችሁ ነገር አለ። ነገር ካለ በዳይ አለ። በዳይ ካለ ሽማግሌ አለ። ሰው ተምሮ ያልገባው ሊኖር ይችላል የሚል አንቀጽ የላቸውም፤ ምናልባት ከእኔ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጎደለችው ቅጠል ከሳቸውም ጎድላ ይሆናል።

«ምንም አልበደልኩም» ብዬ ነገሩን መዝጋት እችል ነበር። ግን ስለ ዝርዝር ያለኝን ደዌ ነግሬአችኋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መምህር ጌታነህ ሰሌዳው ላይ ሰባት ቁጥር ጻፉ፤ ደመሩ፤ ለሰባት አካፈሉ። ሲደምሩ ግን አንዷን ዘለሏት። ሁሉም ይገለብጣል። እኔ መገልበጥ አቃተኝ። እጄን አወጣሁና «መምህር፣ የደመሩት ስድስቱን ብቻ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም ሳይሉ አጠፉት። በሴሚስተሩ መጨረሻ ዲዋ መጣች።

ይህንን ለአያ ፈንታው ተረክሁላቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ለሦስት ዓመት ያህል እኔም ለራሴ ስተርከው ኖሬአለሁ። ሰው ቂም ይዞብኝ ነው ማለት፣ አልገባኝም ከማለት ይቀላል።

አያ ፈንታው ደረታቸውን ያዙ። «በሰው ፊት! መምህርህን በሰው ፊት! አንተ ልጅ፣ ዲ አነሰህ!»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ዲ ምን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ «ይታረቅ» ብቻ አለች።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተመረጠ። አያ ፈንታው አንድ ናቸው። ሁለተኛው የንስሐ አባታችን ቄስ ምስጋናው ናቸው፤ ለመስቀሉም ለትዕግሥቱም። ሦስተኛው ጓድ ባላምባራስ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ግን ባላምባራስ ነበሩ። ማዕረግ ሲሻር የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ባላምባራስ ቢል ጣጣ፣ በስማቸው ቢጠራ ድፍረት ሆኖበት «ጓድ ባላምባራስ» አላቸው፤ በዚያው ጸና።

ክርክሩ የተነሳው በድንጋዩ ላይ ነው። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። ይህ የታወቀ ነው። ግን ለስንት ኪሎ በደል ስንት ኪሎ ድንጋይ? ድንጋይ ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን በሚሆንበት አገር ሰው ሁሉ ስለ ድንጋይ አዋቂ ነው።

«ሰው አልገደለም» አሉ ቄስ ምስጋናው። «ቀለል ይበል።»

«ከቀለለ ንቀት ነው» አሉ ጓድ ባላምባራስ። «ከከበደ ደሞ ማስመሰል ነው። ልኩ መጅ ነው። የወፍጮ መጅ። ክፉ ለተናገረ ሰው በአባቶቻችንም የተለመደ።»

«የኔን መጅ?» አለች እናቴ። «በምን ልፈጭ?»

«ለሦስት ቀን ነው» አሉ ጓድ ባላምባራስ።

እናቴ ዲፕሎማው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች። መጁን ከወፍጮው ላይ አንስታ፣ ዱቄቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ሰጠችኝ።

ከቀበሌ መሸኛ አወጣን። በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ጋሸና ደረስን። የጋሸና ብርድ ሰው የሚያውቅ ብርድ ነው፤ እንግዳ ለይቶ ይገባል። ኬላው ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ወረቀታችንን አየ፤ ዓይኑ መጁ ላይ ቆመ።

«ይሄ የት ይሄዳል?»

«ኮን» አልኩ።

«ኮን መጅ የለም?»

«መጅማ አለ» አሉ ጓድ ባላምባራስ። «የበደለኛ መጅ ግን ከቤቱ ነው የሚመጣ።»

ጠባቂው አሰበ። «ለሰዎቹ መሸኛ አለ። ለመጁ የለም።»

አያ ፈንታው ስለ መሸኛ ሕግ ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቄስ ምስጋናው መስቀላቸውን አወጡ። ጠባቂው ግራ ቀኙን አየ፤ ቶሎ ተሳለመና «እለፉ» አለ።

ኮን ስንደርስ መምህር ጌታነህ ጋቢ ደርበው ደጃቸው ላይ የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። ከስተዋል፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ በር ላይ በረድፍ ቆሙ። እኔ መጁን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። መጅ ከእጅ ይልቅ ማጅራት ላይ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ምነው አባቶቼ፣ ግቡ እንጂ! ተቀመጡ!» አሉ መምህሩ ብድግ ብለው።

«አንቀመጥም» አሉ አያ ፈንታው። «እሺ ሳይሉን አንቀመጥም፤ ውኃም አንቀምስም። ይቅር በሉን ልንል ነው የመጣን።»

«ማንን? ምን አድርጋችሁኝ?»

«ይኼ ልጅ በሰው ፊት አርሞዎታል። እርስዎም ተቀይመው ዲ ሰጡት። ዛሬ በደሉን አምኖ መጥቷል።»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው ከመጁ ሥር ፊቴን ፈለጉ። የሚያውቁኝ አልመሰሉም። ስሜን፣ የተማርኩበትን ዓመትና ክፍል ነገርኳቸው፤ የተቀመጥኩበትን ረድፍም ጨመርኩ። ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጥርዙ የላላ ትልቅ ደብተር ይዘዋል። እንደ እኔ ያለ ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያስተማሯቸውን ሁሉ ውጤት አስቀምጠው ነበር።

ገለጡ፤ ገለጡ፤ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ሠላሳ ስምንት» አሉ።

«ምኑ?» አሉ አያ ፈንታው።

«ከመቶ ያገኘው። ዲ የምትሰጠው ከአርባ ጀምሮ ነው። ሠላሳ ስምንት ወዳቂ ነው።» ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ከስሜ ጎን፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ያረመኝ ልጅ፤ ሁለት ተጨመረ» ይላል።

«ስንት ዓመት ሳስተምር» አሉ፣ «ስሳሳት የሚስቅብኝ ብዙ አይቻለሁ። የሚያርመኝ አንድ ሰው ነው ያየሁ። ትምህርቱ አይገባውም ነበር፤ ግን ያየውን አይቶ ዝም አላለም። ሁለት ነጥብ ጨመርኩለት።»

እኔ መጁን ተሸክሜ በልቤ አሰላሁ፤ በሕይወቴ ስታቲስቲክስ በትክክል የሠራልኝ ያን ቀን ነው። ዲዋ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ጠቅላላው ከሁለት በታች ይወርድ ነበር። ከሰማዕቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ዲፕሎማ የተሰቀለው በእኚህ ሰው ሁለት ነጥብ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቂም ያዙብኝ እያልኩ ቂም የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ጓድ ባላምባራስ ሆኑ። «ታዲያ በደል የለም ማለት ነው?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ከላስታ ድረስ መጅ ይዘን፣ ያለ በደል?»

«አለ እንጂ» አሉ ቄስ ምስጋናው ረጋ ብለው። «የተደረገለትን አለማወቅ በደል ነው። መጁ በከንቱ አልመጣም።»

ሁሉም ተነፈሱ። መምህር ጌታነህ እየሳቁም እያለቀሱም «ይቅር ብያለሁ፣ አሁን ተቀመጡ!» አሉና መጁን ራሳቸው ከማጅራቴ አነሱልኝ።

ከበላን በኋላ ስለ ሕግ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነገርኳቸው።

«ሐሰት አልጽፍም» አሉ መምህሩ። «እውነተኛ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ያየውን ይናገራል ብዬ እጽፋለሁ። ነገር ግን እዚያም ሄዶ ዲ አያመጣም ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?»

«ይቺማ ቀላል ናት» አሉ አያ ፈንታው። «ዋስ እንሆነዋለን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ አያ ፈንታው በዋስ አይቀልዱም። ጽሕፈቴ ጥሩ ነውና የራሴን የዋስትና ወረቀት እኔው ጻፍኩት፤ ቃሉ የሳቸው ነው። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ሦስት ሰዎች፣ ይህ ልጅ ዳግመኛ ዲ እንዳያመጣ ዋስ ሆነናል። ቢያመጣ በአካል ቀርበን እንጠየቃለን።» አያ ፈንታውና ቄስ ምስጋናው ፈረሙ። ጓድ ባላምባራስ የቀለበት ማኅተም ነበራቸው፤ ስለተሻረ በአውራ ጣታቸው አተሙ። መምህር ጌታነህ ወረቀቱን ከደብዳቤያቸው ጋር አጥፈው አሸጉት።

ላሊበላ እንደተመለስኩ ለአራቱ ባለነጠብጣብ መስመር መልስ አገኘሁ። «ውጤቴ ዝቅተኛ የሆነው ስላልገባኝ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ መስመር በቃኝ።

መልሱ ከብዙ ወር በኋላ መጣ። «ውጤትዎ ዝቅተኛ ቢሆንም የመምህርዎን ደብዳቤ ተመልክተን ለአንድ ሴሚስተር በሙከራ ተቀብለንዎታል፤ ዲ ካመጡ ግን ይሰናበታሉ። አብሮ የተላከው የዋስትና ወረቀት ለምን እንደሆነ ስላልገባን ከማኅደርዎ ጋር አያይዘነዋል።» እናቴ ደብዳቤው መስታወት ይገባው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሴሚስተሩ ይለቅ አልኳት።

አዲስ አበባ እንዴት እንደገባሁ፣ ስንት ጊዜ በተሳሳተ አውቶቡስ እንደተሳፈርኩ (አምስት ጊዜ) ሌላ ወግ ነው። አጠናሁ። ከአምስቱ ትምህርት አራቱን በደኅና አለፍኩ። የውል ሕግ ፈተና ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የዋስ ግዴታ ምንድን ነው?» ይል ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሰው በሚያውቀው ነገር ነው የሚወድቀው። ሌሎቹ ተማሪዎች የሕጉን ቁጥር ጠቅሰው በግማሽ ገጽ ጨረሱ። እኔ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ዋስ ማለት ሰው ነው፣ ነገር ቢበላሽ በእግሩ ተነስቶ ይቀርባል፣ «ዋስ ነኝና መጥቻለሁ» ይላል አልኩ። ለቀሩት ጥያቄዎች ጊዜ አልተረፈም። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ቀለም «ሕጉ ይህን አይልም» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ ሆዷ የተነፋው ፊደል አለች።

የትምህርት ቤቱ ጉባኤ ተሰብስቦ እስኪያሰናብተኝ አንድ ወር ነበረ። ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላ ልጅ ቢሆን «ደኅና ነኝ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ያመጣሁትን ሁሉ በየተራ ዘረዘርኩ፤ ዲዋንም፣ ጥያቄውንም፣ ቀዩን ቀለምም። ደብዳቤ የሚያነብላት ማን እንደሆነ አላሰብኩም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሻንጣዬን ለማሰር ገመድ ስፈልግ፣ የግቢው ዘበኛ አስጠራኝ።

«ሦስት ሽማግሌዎች ይፈልጉሃል» አለኝ። «አንደኛው ካህን ናቸው። አንደኛው ድንጋይ ታቅፈዋል። ፈትሸነዋል፤ ድንጋይ ነው።»

ሮጥኩ። አያ ፈንታው ጫማቸው አቧራ ሆኗል። ቄስ ምስጋናው በዣንጥላቸው ተደግፈዋል። ጓድ ባላምባራስ የእናቴን መጅ በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ይዘዋል።

«አያ! ምን ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ምን ሆናችሁ ይለኛል እንዴ!» አሉ አያ ፈንታው። «ዋስ አይደለንም? ቢያመጣ በአካል ቀርበን ብለን አልፈረምንም? ዲ የሰጠህ ሰው ቢሮው በየት በኩል ነው?»

እዚህ እንዲህ እንደማይደረግ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጓድ ባላምባራስ መጁን አወጡ፤ ጎኑ ላይ አሁንም የገብስ ዱቄት አለ። አንገቴን ደፍቼ መጁን ተቀበልኩና ወደ ቢሮው መራኋቸው።

የውል ሕግ መምህሩ በሩን ከፍተው አራታችንን ሲያዩ፣ እኔን ተንበርክኬ ሲያዩ፣ ብዕራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምንድን ነው ይሄ? አባቶች፣ እባካችሁ ተቀመጡ!»

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሉ አያ ፈንታው። «የዚህ ልጅ ዋሶች ነን። ዲ አመጣ ሲሉን ቀርበናል። የሚጠየቅ ካለ እኛን ይጠይቁ።»

መምህሩ መሳቢያቸውን ከፍተው የፈተና ወረቀቴን አወጡ፤ አንድ ገጽ ገልጠው አነበቡ፤ ሦስቱን ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩ፤ ደግመው አነበቡ።

«በእግሩ ተነስቶ ይቀርባል ያልከው…» አሉ።

«እነሱ ናቸው» አልኩ ከመጁ ሥር።

«ሕጉ ግን ይህን አይልም።»

«አይልም፤ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሕጉ የሚለውንና እነሱ የሚሉትን ለይተህ ንገረኝ። ያልመለስካቸውንም ጥያቄዎች እጠይቅሃለሁ። አሁን፣ በቃል።»

ተናገርኩ። ከሙጃዋ ባልቴት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ዝምታ ሁሉ ወጣ። ሕጉ ባለዕዳው ያልፈጸመውን ዋሱ ይፈጽማል እንደሚል፣ በስንተኛው ቁጥር እንደሆነ፣ የእኛ አገር ዋስ ግን ከዕዳው በፊት ራሱ እንደሚመጣ ነገርኩ። መምህሩ ጠየቁ፤ መለስኩ። አያ ፈንታው በየመካከሉ «ልክ ነው! ጨምርበት!» ሲሉ ቄስ ምስጋናው እጃቸውን ያዝ ያደርጓቸው ነበር። አንድ ቦታ ላይ መምህሩ ቁጥር ሲሳሳቱ ሳላስበው «ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው» አልኩ። አያ ፈንታው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ደገመው!»

መምህሩ መጽሐፉን ገልጠው አዩ። ዘጉት። ቀይ ብዕራቸውን ከወለሉ ላይ አንስተው ወረቀቴ ላይ አንድ ነገር ሰርዘው አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ከተንበረከክሁበት አይታየኝም። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «አባቶች» አሉ፣ «አሁን ተቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ወንበር ሦስት ብቻ ነው፤ እኔ መጁን እንደተሸከምኩ ቀረሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ የቀለለ ድንጋይ ተሸክሜ አላውቅም።